ሐይቅ ስለዋጠው መንደር ያልጻፍኩት

በሁለት ሺህዎቹ ማብቂያ ላይ ላንድማርክ በሚባል፣ ስደተኛ አበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ እኖር ነበር። ቀን ሆስፒታል ካፌቴሪያ ካሸር ነኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ኮሌጅ እማራለሁ። ጂኦግራፊ የወሰድኩት ከሰዓቴ ጋር የሚገጥም ሌላ ክላስ አጥቼ ነው። አስተማሪው ለእያንዳንዳችን አንድ የምዕራብ አፍሪካ አገር ሰጠንና፣ ሕዝቡ የት እንደሚበዛ፣ የት እንደሚሳሳ፣ ለምን እንደሆነም ጻፉ አለን። ለእኔ ጋና ደረሰችኝ።

ደስ አለኝ። ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ ጋናዊ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ፣ ስለምትሠራ እሳቸው አብዛኛውን ቀን ብቻቸውን ይውላሉ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በልቤ እንኳ አንተ ማለት አልሆነልኝም፤ አባባ ነበር የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ሳቁና ተቀበሉት።

ጽሑፉ ማክሰኞ ሊሰጥ፣ ሰኞ ዕረፍቴ ስለነበር ይዤው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሕዝቡ በባሕሩ ዳርና በትልልቆቹ ከተሞች ዙሪያ እንደሚበዛ፣ ወደቡና የኮኮዋው እርሻ እንደሳበው ጽፌአለሁ። እስከዚያ ድረስ ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። በትልቁ ሐይቅ አካባቢ መሬቱ ለኑሮ ስለማይመች የሰፈረው ሰው ጥቂት ነው ይላል።

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"መጽሐፍ ላይ ነው ያገኘሁት፣ አባባ።"

"ሐይቁ እኮ ትናንት የመጣ ነው። እዚያ እኛ ነበርን።"

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነገሩኝ። ገና ልጅ ሳሉ መንግሥት ለመብራት ኃይል ወንዙን ገደበ። መዝገብ የያዙ ሰዎች መጥተው ቤቱንም፣ ሰዉንም፣ የፍሬውን ዛፍ ሁሉ ቆጠሩ። አያታቸው፣ ወንዝ ሽቅብ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ብለው አልነሣም አሉ። ውኃው ግን ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ እርሻውን፣ ቀጥሎ መቃብሩን ሸፈነው። በመኪና ጭነው የወሰዷቸው አዲሱ ሰፈር ውስጥ ቤቶቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ተሠርቶ ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት ተባሉ። ከጥንት ጀምሮ የማይዋደዱ መንደሮች ግድግዳ ለግድግዳ ሆኑ። የሚታረሰው መሬት አልበቃ ሲል ወጣቱ አንድ በአንድ ወጣ። እሳቸውም አክራ ገቡ።

"አስተካክዪው፤ ሰው ያልነበረበት አታስመስይው" አሉኝ።

"እሺ አባባ።"

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋሁት። አስተማሪው ምንጭ ጥቀሱ ብሏል፤ የጎረቤት ወሬ ምንጭ ይሆናል? እንደገና በእንግሊዝኛ መጻፉም ታከተኝ። እንዳለ ሰጠሁት። ኤ አገኘሁ።

"አስተማሪሽ ስለ እኛ ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ፣ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ።

"በጣም ገረመው" አልኳቸው።

በማግስቱ ፕላንቴይን የሚሉትን ትልቅ ሙዝ ጠብሰው፣ በሳህን ይዘው በሬን አንኳኩ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው።

በዚያው ዓመት በየበራችን ሥር ደብዳቤ ገባ። ሕንፃው ሊታደስ ነው፤ ሊዛችን፣ የኪራይ ውላችን፣ አይታደስም። ያ ሁሉ የአበሻ ቤተሰብ ግማሹ ውድብሪጅ፣ ግማሹ ሲልቨር ስፕሪንግ ተበተነ። እኔ ስካይላይን የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል አገኘሁ። እሳቸውና ልጃቸው ለውድብሪጅ ዕቃ የጫኑ ዕለት፣ ሽማግሌው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ነበር። በመስኮቱ በኩል ጠጋ ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው።

 "ታዲያ እኔ ለማን ነው የነገርኩት?" አሉ። መኪናው ተነሣ።

ያቺ ጥያቄ ሥራ ቦታም አልለቀቀችኝም። አስተማሪው ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ውጤትሽን አልነካውም፤ ግን ለአዲሶቹ ተማሪዎች መጥተሽ ንገሪያቸው" አለኝ። ካርታ ዘርግቼ ነገርኳቸው። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"የመንደሩ ስም ማን ነበር?"

አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ከክላስ ስወጣ ውድብሪጅ ደወልኩ። ልጃቸው አነሣች። አባቷን ስትሮክ መትቷቸው ንግግራቸው ጠፍቷል፤ መጻፍም አይችሉም። የመንደራቸውን ስም ስጠይቃት ግራ ገባት። "አባቴ እኮ የአክራ ሰው ነው" አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ነበር፤ ሲያዩኝ ፊታቸውን አላዞሩብኝም። እሳቸው እየሰሙ፣ የነገሩኝን ሁሉ ለልጃቸው ነገርኳት፤ የተቆጠረውን ዛፍ፣ እምቢ ያሉትን አያት፣ በውኃ የተሸፈነውን መቃብር። ቴሌቪዥኑን ዘግታ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"እውነት ነው አባዬ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ላፕቶፗን አምጥታ በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን የቦታ ስሞች አንድ በአንድ ትጠራላቸው ጀመር። በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛሉ። አይደለም። አይደለም። ግማሹን እንኳ ሳትጨርስ ደክሟቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መጥራቷን አላቆመችም፤ እኔም ተነሥቼ መሄድ አልቻልኩም። ስሙን እስከ ዛሬ አላወቅነውም።