ወደ ዘምዘም የሚወስደው ቁልቁለት

ሙስሊማ ለትዳር ወደ ደብረ ብርሃን ከወጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። አሊዩ አምባ የቀረችውን ታላቅ እህቷን ዘምዘምን ካየቻት ደግሞ አራት ዓመት ሆናት። ልጇ ታጁ፣ «መንገዱ አይሆንም፣ ጉልበትሽ አይችለውም፣ መኪናም የለም» እያለ ሲያዘገያት ከረመ።

ዛሬ ከሥራው መሀል መጣና፣ «እማ፣ ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ እንወርዳለን፤ መኪና አግኝቻለሁ» አላት።

ደስታዋ ለጉድ ሆነ። «እንግዲያው አንኮበር ላይ አቁሙልኝ፣ እግሬን ላፍታታ። ቁልቁለቱን ሾፌሩ ቀስ ይበል። በሶም ልያዝላት፤ ዘምዘም የደጋ ገብስ ነፍሷ ነው።»

«እሺ።»

«ሦስት ቀን ነው የማድረው፤ ቶሎ በይ እንዳትለኝ።»

«እሺ፣ እማ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ እሺታህ በዛ» ብላ ሳቀች። «በል ደውልልኝና እንደምንመጣ ልንገራት።»

ታጁ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። መርዶ የያዘ ሰው እሺ ባይ እንደሆነ ሙስሊማ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

«መቼ ነው?»

«ትናንት። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበሯት።»

«ለለቅሶዋ ያላጣኸውን መኪና» አለችው፣ «በሕይወቷ ሳለች ምነው አጣህላት፣ ልጄ?»

ታጁ አለቀሰ።