ካባና ገመድ

ላክላን የከተማችን ዋሽንት ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ኪልቱን፣ ያን የአገራችንን የወንድ ሽንሽን ጉርድ፣ ታጥቆ፣ ባለአቅማዳውን ዋሽንት በብብቱ ሸጉጦ፣ ከሬሳው ፊት ፊት እየነፋ እስከ መቃብር የሚሸኘው እሱ ነው። አባቴን ሸኝቷል። ባሌንም ሸኝቷል፤ ለባሌስ ያ ሁሉ ዜማ በዝቶበት ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ላክላን ሲያወሩት መሬት መሬት የሚያይ ዓይን አፋር ሰው ነው። ዋሽንቱን ሲይዝ ግን ቀና ይላል።

እንጀራው ከባሕር ነው። ትንሽ ጀልባ አለችው፤ ከአንድ ልጁ ከሩሪ ጋር ወጥመድ እየጣሉ ሸርጣን ያጠምዱ ነበር። ሚስቱ ኢሽቤል ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ሪና እባላለሁ፤ ወደቡ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ቤት የእኔ ነው። ኪልትና ከኪልት ጋር የሚሄደውን ሁሉ እሸጣለሁ። አፌ እንደማያርፍ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ጥር ላይ የወጥመዱ ገመድ የሩሪን እግር ጠለፈና ይዞት ባሕር ገባ። ልጁ ታግሎ እግሩን አስለቀቀ፣ ብቅም አለ። አባቱ ሌላ ገመድ ወረወረለት፤ ያዘው። ላክላን ጎተተ፣ ጎተተ፤ ከጀልባዋ ጠርዝ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በብርድ የደነዘዘ እጁ ከዳው። ገመዱ አመለጠው። ይህን ማንም አላየም፤ ለኢሽቤል የነገራት ራሱ ነው። እሷ ሰምታ ተነሳች፣ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ውሸት ነው። እህቴ ከአንጀቷ አለቀሰች፣ እንባ ግን ጠብ አላላትም።

ባሕሩ ልጁን ሲመልስ ዳርቻውን ሲያስስ የሰነበተው አባቱ ነው ያገኘው። ለብርዱ የደረበውን የነፊነት ካባውን አውልቆ ጠቀለለው። ሩሪ በዚያ ካባ መቀለድ ይወድ ነበር፤ "አባዬ፣ ዛሬም የሌሊት ወፍ ሆነሃል?" ይለው ነበር። በዚያው ካባ እንደተጠቀለለ ቤቱ ገባ። ወይ ነዶ።

የቀብሩ ዋዜማ ላክላን ሱቄ መጣ። ኪልቱን ለብሷል፤ ከላይ ግን የጀልባ ሹራቡ ብቻ ነበር፣ ትከሻው ላይ በረዶ ተጋግሯል። ነገ ከላይ የሚደርበው እንድሰጠው ጠየቀኝ።

ኪልት ላይ የሚደረብ ነገር መምረጥ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ረጅም ካፖርት ከሆነ ኪልቱን ይውጠውና ሰውዬው ሱሪውን ረስቶ የወጣ ይመስላል። ወገብ ላይ የሚጠብቅ ጃኬት ደግሞ የኋላውን ሽንሽን እንደ ዶሮ ጭራ ያስነሳዋል። እኔ ለእሱ የሚሆነውን አውቅ ነበር፤ ጥቁር የሱፍ ካፖርት፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ የሚቀር፣ ከኋላው የተሰነጠቀ። አለበስኩት። ልክ በልኩ ሆነ፤ ኪልቱም ከሥር እንደሚገባው ታየ። ላክላን ግን ዋሽንት እንደሚያቅፍ ክንዱን አነሳና ራሱን ነቀነቀ። እጅጌው ይይዘኛል፣ ካባ ስጪኝ አለ።

ያኔ ገባኝና ደሜ ፈላ። በእኛ አገር የሬሳ ሳጥን የሚወርደው በገመድ ነው፤ እያንዳንዱ ገመድ ባለቤት አለው፣ የራስጌው ደግሞ የአባት ነው። ነፊ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ እጁ ዋሽንቱ ላይ ስለሆነ ገመድ አይነካም። ካፖርት የለበሰ ይይዛል፣ ካባ የለበሰ ይነፋል። ልብስ መምረጡ አልነበረም።

"ነፊ ከጎረቤት ከተማ ይመጣል፤ አባት ግን ከየትም አይመጣም" አልኩት። "የራስጌው ገመድ ያንተ ነው።"

እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። ገመዱ መዳፉን የላጠበት ገና አልሻረም።

"በእነዚህ ነው ሪና?"

ማን ይይዘዋል ታዲያ አልኩት። ጊልክሪስት አለኝ፤ ቀብር አስፈጻሚው።

"ባዳ ልጅህን ያውርድልህ?"

"ባዳ ነው" አለ። "ገመድ ግን አያመልጠውም።"

መስኮቱ ላይ የሰቀልኩትን ግራጫ ካባ አወረድኩና አለበስኩት። አገጩ ሥር ያለውን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። እሱ እንደወጣ ሱቁን ዘግቼ ወደ እህቴ ሄድኩና ያለውን ሁሉ ነገርኳት። የሩሪን ሸሚዝ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቋረጠችም።

በማግስቱ ነፋሱ ከባሕር በኩል ፊት ይገርፍ ነበር። ላክላን ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብር ነፋ፤ አንድ ድምፅ አልሰበረም። ለሌላ ሰው ልጆች ሲነፋ እንደኖረው ሁሉ ለራሱም ልጅ ነፋ። ወንዶቹ ጉድጓዱን ከበቡ፣ እኛ ሴቶቹ እንደ ድሮው ልማድ ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ዋሽንቱ ዝም አለ። ጊልክሪስት የገመዶቹን ባለቤቶች በየስማቸው ጠራ፤ ራስጌው ጋ ሲደርስ ማንንም ሳይጠራ ራሱ ጎንበስ አለ።

ኢሽቤል የአጥሩን በር ገፍታ ገባች። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ዘረጋባት፤ እንዳላየች አለፈችው። ባሏ ፊት ቆማ የካባውን ቁልፍ ፈታች፤ ካባው በረዶው ላይ ወደቀ። ተከትያት ስለነበር ዋሽንቱን ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ና ያዝ" አለችው። ከባሕሩ ወዲህ ያናገረችው ይኸው ነው። "ልጄን ሰው አያወርድልኝም።"

"ያመልጠኛል፣ ኢሹ።"

"እኔም እይዛለሁ።"

ጊልክሪስት ገመዱን አቀበላቸውና ወደ ኋላ አለ። ኢሽቤል እጇን እጁ ላይ ደረበች፤ ቀስ አድርገው አወረዱት። ሳጥኑ መሬት ሲነካ ሁሉም የገመዱን ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ይለቃል፣ ወጉ ነው። ሌሎቹ ለቀቁ። ኢሽቤልም ለቀቀች። ላክላን አልለቀቀም፤ ጣቶቹ እስኪነጡ ጨብጦ ቆመ። ቄሱ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፣ ወንዶቹ ጫማ ጫማቸውን አዩ።

"ልቀቀው እንግዲህ" አለችው።

"አንዴ ለቅቄዋለሁ።"

ኢሽቤል ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሷ አዞረችው። ያ ያልወጣ እንባዋ አሁን ይወርድ ነበር።

"አልለቀቅከውም" አለችው። "አመለጠህ እንጂ።"

ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተችለት፤ ገመዱ ገባ። ላክላን በረዶው ላይ ተቀመጠ፤ እሷም አብራው ተቀመጠች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እነሱ ግን አልተነሱም። እኔ ዋሽንቱን በብብቴ እንደያዝኩ ካባውን አንስቼ በረዶውን አራገፍኩና ደረብኩላቸው። ካባ ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ይይዛል።