ከግሪኩ ቤት ጀርባ

ባለፈው እሁድ ልጄ ለሠርጓ ፎቶ ቦታ መምረጧን ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቦታውን ስም እስክትጠራ ድረስ። አቃቂ ያለው የግሪኩ ቤት ነው አለችኝ፤ በቅርስነት የተመዘገበ፣ አትክልቱ የሚያምር። እኔም ሙሽራ ሆኜ እዚያው ፎቶ እንደተነሳሁ ነግሬያት ወሬ ቀየርኩ። ለምን ወሬ እንደቀየርኩ ስትጠይቀኝ፣ ከዚያ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን አወራኋት።

ጥር ነበር። ያኔ የአቃቂ መንገድ አቧራው ለጉድ ነው፤ ሚዜዎቼ ቬሎዬን በነጠላ ሸፋፍነው ነው ያደረሱኝ። ከግንቡ አጥር ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ አገር ነው፤ ጽጌረዳው፣ ዘንባባው፣ የሎሚው ሽታ። ጥበቃው ቤቱን አንድ የግሪክ ነጋዴ እንዳሠራው፣ ቅርስ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ሚስማር እንኳ እንደማይመታ እየኮራ አስረዳን።

አባቴ ከመኪናው አልወርድም ብሎ ነበር። ዝምተኛ መካኒክ ነበርና ማንም ነገሬ አላለውም። ፎቶ አንሺው ወላጆች ደረጃው ላይ ይቁሙ ሲል ወርዶ ገባ፤ ግን ደረጃውን አልፎ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ተከተልነው። ከምድር ቤቱ የብረት በር ፊት ቆሞ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ነበርኩ» አለ።

ሠርቶበት የነበረ መሰለኝ። የእናቴ ፊት ግን ተለዋወጠ። እኔ ጡት ሳልጥል አባቴ ድንገት ጠፍቶ፣ ከወራት በኋላ ከስቶ ሲመለስ፣ ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር ብሏታል። እሷም እዚያ ሌላ ሴት አለችው ብላ ቂሟን ይዛ ኖረች። ቤታችን ውስጥ የድሬዳዋ ስም አይነሳም።

«ድሬዳዋ አልነበርክም?» አለችው።

አልነበረም። በቀይ ሽብር ጊዜ ያ ቤት እስር ቤት ነበር። ከመንገድ አፍሰው እዚያ ዘጉበት፤ ሲለቁት፣ ትንፍሽ ብትል ሚስትህን እናመጣታለን አሉት። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ውሸቱ ሥር ሰዶ፣ ከየት ጀምሮ እንደሚነቅለው ጠፋው።

«የፋብሪካው ጡሩምባ ይሰማኝ ነበር» አላት። «ጠዋት ሲነፋ፣ አሁን ገባች እላለሁ። ማታ ሲነፋ፣ አሁን ልጇን ልታጠባ ወጣች እላለሁ።»

እናቴ የምትሠራበት ፋብሪካ ከአጥሩ ማዶ ነበር። ቬሎዬን እንደለበስኩ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሲያውደኝ የነበረ የጽጌረዳ ሽታ አፈነኝ። ጥበቃው ቆቡን አወለቀ።

እናቴ አላለቀሰችም። የሰው ሚስት ስንቅ ስታመላልስ እኔ ስረግምህ ኖርኩ አለችው። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ፣ ለመንገድ ከተቋጠረልን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ተመለሰች። እዚያው በሩ ፊት አጎረሰችው።

«ስንቅህ ነው» አለች።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ ይህን ስትሰማ፣ ቦታውን እንቀይረው አለች። አይሆንም አልኳት። ለረጅም ጊዜ ያን ቤት ባፈረሱት እያልኩ ስመኝ ነበር። አሁን አቃቂ ዙሪያውን ሁሉ ፈርሶ እየተሠራ ሳይ ግን፣ እንኳን ቅርስ ሆነ እላለሁ። አባቴ በሕይወቱ አንዴ የልቡን የተናገረው እዚያ በር ፊት ነው። በሩ ከሌለ፣ እኔ ራሴም ያን ቀን ማመን የምችል አይመስለኝም።