በሶ ለበረሃ

ዛሬ ቡታጅራ ጎረቤቴ በር ላይ ፈተና ወደቅኩ። የአማርኛ መምህር ነኝ እንግዲህ።

የጎረቤቴ የእማማ ብርሃኔ እናት በጣሊያን ጊዜ ለአርበኞች ስንቅ ይደብቁ ነበር አሉኝ እማማ። እናትየው ፊደል ስላልቆጠሩ ወዳጅን የሚለዩት በድምፅ ነበር። ስንቅ ሊወስድ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ እንዲህ ማለት ነበረበት፦

«በርበሬ ለቡኢ፣ ቡላ ለቡታጅራ፣ በሶ ለበረሃ።»

የ«በ» ድምፅ ድግግሞሽ ደስ ቢለኝ ለተማሪዎቼ ልይዘው ብዬ ደገምኩት። «በርበሬ ለቡኢ፣ ቡላ ለቡታጅራ፣ ቆሎ ለበረሃ።»

እማማ ፈገግ አሉ። «ልክ እንዳንተ ቆሎ ያለ ሰው አንድ ቀን መጥቶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«እናቴ እፍኝ ቆሎ ሰጥታ ሸኘችው። ባንዳ ነበር።»

እናንተስ ቤት እንዲህ በድምፅ የተቆለፈ ነገር አለ? አጫውቱኝ። እኔን እንደሆነ በሩ ላይ መልሰውኛል።