በሊትር ስምንት ነጥብ አንድ

አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መኪናው ምንም አላወራም። ይህ በቤታችን ያልተለመደ ነገር ነው። ከሥራ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የሚነግረን የመኪናውን ውሎ ነበር፤ የትኛው ዳገት እንዳስቸገረው፣ የትኛው ሚኒባስ እንደዘጋበት፣ ማደያ ላይ ስንት ሰዓት እንደተሰለፈ። በአራተኛው ቀን እናቴ "ምነው፣ ከመኪናው ጋር ተጣላህ እንዴ?" ብላ ቀለደችበት። እሱ ግን አልሳቀም። "ከመኪናውማ ጋር ምን አለኝ" አለ። ነገሩን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

አባቴ እዚሁ ጉለሌ ባለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሾፌር ነው። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ብረትና ቧንቧ ደንበኞች ቤት ድረስ ያደርሳል። ለአሥራ አንድ ዓመት የነዳው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት የሱቁ ባለቤት ያንን ሸጡና ትልቅ ፒክአፕ ገዙ። ትልቅ ስል፣ በኛ ሰፈር መታጠፊያ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሳይል የማይዞር፣ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ የቤንዚን መኪና ማለቴ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚሠራው የባለቤቷ የእህት ልጅ ከስልኩ ላይ አንብቦ "በሊትር ስምንት ተኩል ይሄዳል ይላል" ብሏቸዋል። በአባቴ እጅ ግን በሊትር አምስትም የሚሄደው በስንት መከራ ነው።

ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሱቁን ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ክፉ ሰውም አይደሉም። ያን ሳምንት ግን በሠራተኞቹ ፊት "ይሄን ሁሉ ቤንዚን መኪናው ነው የሚጠጣው ወይስ የሚያግዘው ሰው አለ?" ብለው ጠየቁት። ሰው ሳቀ። በማግስቱ ቁልፉን ማታ ማታ ሱቅ ሰቅሎ እንዲሄድ አዘዙት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁልፉ የሚያድረው ቤታችን በር አጠገብ ባለች ምስማር ላይ ነበር። ነገሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ መኪናውን ለእህታቸው ልጅ እንደሚሰጡ ተናገሩ።

"ሌባ አላሉኝም" አለን አባቴ። "ሌባ ቢሉኝ መልስ ነበረኝ።"

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚያ ሰሞን ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ ስለ መለካት እየተማርን ነበር። ደብተሬ ባለካሬ ነው፤ ቁጥሮቼን በእርሳስ ጽፌ ካረጋገጥኩ በኋላ በእስክሪብቶ እደግማቸዋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። አባቴን ሳየው ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ መለካት ነበር።

"አባዬ፣ እኔ ልለካው?"

"ምኑን?"

"መኪናውን። ታንኩን ሞልተን እንነሳለን፤ ነድተን መልሰን እንሞላዋለን። የገባው ሊትር የጠጣው ነው።"

ትንሽ አሰበና "እሳቸውን ጠይቂ" አለኝ።

እትዬ ደስ አላቸው። "ተማሪዋ ትለካው!" አሉ ለሱቁ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። "ይኸው፣ እኛ የማናውቀውን የተማረ ሰው ይንገረን።" እኔም ደስ አለኝ። ሰው አምኖ ሥራ ሲሰጠኝ እንዲህ ነኝ፤ ከሚፈለገው በላይ ላደርግ እፈልጋለሁ።

የላብራቶሪ መምህራችን ከመለካታችን በፊት ውጤት የሚያበላሽ ነገር ሁሉ እንድናስወግድ ደጋግሞ ይነግረን ነበር። እኔም አስወገድኩ። መንገድ እንዳይጨናነቅ እሁድ ጠዋትን መረጥኩ። ከመኪናው ጀርባ ሰንሰለቱን፣ ገመዱን፣ ሸራውን፣ አንድ ዓመት የተረሳ የብረት ቁርጥራጭ ሳይቀር አስወረድኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ሲግል ሞተሩን እንደማያስነሳ፣ አባቴም ዕቃ ሲራገፍ የማያጠፋው ለዚህ እንደሆነ ነግሮኝ ስለነበር፣ የትም ላለመቆም ወሰንኩ። ታንኩን ማደያ ሞልተን፣ ዳገትም እንዳይበዛ ወደ ቀለበት መንገድ ወጣን።

"አባዬ፣ ቀስ በል። አዎ፣ እንደዚህ።"

"እሺ፣ ቲቸር።"

"ቁልቁለቱን ደግሞ በፎሌ ውረድ።"

"ማርሽ አውጥቼ? ፍሬን ይበላል እኮ።"

"ለዛሬ ብቻ።"

ዞር ብሎ አየኝና ማርሹን ባዶ አደረገው። መኪናው ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል ወደ ታች ተንሸራተተ። መንገዱ ሁሉ የኛ ነበር። አባቴ ግራ እጁን መስኮቱ ላይ አሳርፎ እንደዚያ ሲነዳ ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ያንኑ ማደያ፣ ያንኑ መቅጃ ተመልሰን ያዝን። ቀጂዋን "መቅጃው ራሱ እስኪቆርጥ ድረስ ብቻ" አልኳት። ስልሳ አንድ ኪሎ ሜትር፤ ሰባት ተኩል ሊትር። በሊትር ስምንት ነጥብ አንድ! ሦስት ጊዜ አካፈልኩት። ስልኩ ላይ ከተጻፈው ብዙም አይርቅም። አባቴን አቀፍኩት። እሱ "ጎበዝ" ብቻ አለኝ። ድምፁ ያን ያህል ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም፤ እኔ ግን ያን ሰዓት አላስተዋልኩም።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ደብተሬን ይዤ ሱቅ ገባሁ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ገጹን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ መልሰው አነበቡት።

"ስምንት።"

"ስምንት ነጥብ አንድ፣ እትዬ። መኪናው ጤነኛ ነው። አባቴም በደንብ ነው የሚነዳው።"

"እንግዲህ ይችላል ማለት ነው።" መነጽራቸውን አወለቁ። የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ በሩ ላይ ቧንቧ ተሸክሞ የቆመውን አባቴን ነው። "ታዲያ በሌላው ቀን የት ይሄዳል?"

የእህታቸው ልጅ ሳል ሳል አለው። አባቴ ቧንቧውን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወጣ።

የለካሁት ልክ ነው። ያካፈልኩት ልክ ነው። አባቴ ላይ የተነገረው ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ የሱቅ ወሬ ነበር፤ እኔ በእስክሪብቶ ጽፌ ማስረጃ አደረግኩት። ወደ ቤት ስንሄድ ይቅርታ ልጠይቀው ብጀምር "ደህና ነው የለካሽው" ብሎ አቋረጠኝ። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ይቀር ነበር።

ሐሙስ ለብቻዬ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

"እትዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ቁጥሩ ውሸት ነው?"

"ቁጥሩ እውነት ነው። ቀኑ ነው ውሸቱ። እሁድ ነው፣ መኪናው ባዶ ነው፣ ሰልፍ የለም፣ ዳገት የለም። ቁልቁለቱንም ሞተሩ ሳይሠራ ነው የወረድነው ማለት ይቻላል። እኔ ነኝ እንዲህ አድርግ ያልኩት።"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?"

"አንድ የሥራ ቀን አብረውን ይዋሉ።"

"እኔ?" ሳቁ። "እዚያ ላይ ማን ያወጣኛል? መሰላል ይፈልጋል እኮ!"

"እኔ እሄዳለሁ፣ እትዬ" አለ የእህታቸው ልጅ።

"አንተ ስልክህን አንብብ" አሉት። ከዚያ ደብተሬን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩ። "ረቡዕ" አሉ።

ረቡዕ ክፍል የለኝም። አባቴ ነገሩን ስነግረው አልተቆጣም፤ "እኔ እንደ ሁልጊዜው ነው የምነዳው፤ አንቺም አፍሽን አታስገቢ" አለኝ። እትዬ በባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆመው፣ እኔ ከኋላ ደግፌያቸው ፊት ወንበር ላይ ወጡ። ታንኩን ሞልተን ስንነሳ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከኋላ አሥራ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ አለ።

የሽሮ ሜዳን ዳገት ስንጀምር መኪናው ማጓራት ጀመረ። ከፊታችን ሚኒባሶቹ ነጠላና ጋቢ የተሰቀለባቸው ሱቆች በር ላይ እየቆሙ ሰው ያወርዳሉ። እንቆማለን፣ እንነሳለን፣ እንቆማለን። ሲሚንቶ የታዘዘበት ቤት ኮብልስቶን በተነጠፈ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው፤ መኪናው መታጠፍ ስላቃተው ዳገቱን ወደ ኋላ ነው የወጣነው። እትዬ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። ከዚያ ተመልሰን ቆርቆሮ ጫንን፤ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አጠገብ አጥር ለሚሠሩ ሰዎች አደረስን። ሌላ ዳገት። ሲራገፍ ሞተሩ አልጠፋም። እትዬ ይህንን አዩ።

ሰባት ሰዓት አካባቢ አባቴ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ታጠፈ።

"እዚህ ደግሞ ማን ላከህ?" አሉት እትዬ።

"እርስዎ ነዎት። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒትዎ።"

ፋርማሲው በር ላይ ማቆሚያ ስላልነበረ እኔ ወርጄ ተሰለፍኩ፣ እነሱ መኪናው ውስጥ ጠበቁ። መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ በመስኮቱ የሰማሁት ይህን ነው።

"አጥፋው እንጂ! ቤንዚን እኮ ነው!"

"ካጠፋሁት አይነሳም፣ እትዬ። ሞተሪኖው ነው። ነግሬዎት ነበር።"

"አጥፋው ነው የምልህ።"

አባቴ አጠፋው። እኔ ገባሁ፤ እሱ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። ከኋላ ያሉት ሚኒባሶች ጥሩንባቸውን ለቀቁት። አንድ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ፋዘር! ይሄ መኪና ነው ወይስ ኮንዶሚኒየም? አንሳልን እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። አባቴ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

እትዬ መስኮቱን አወረዱ። "ዝም በል፣ ባለጌ! ሞተሪኖው ነው! ሰውየው ምን ያድርግ?"

ሞተሩ እስኪበርድ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ሄደ። በመሀሉ እትዬ "መቼ ነበር የነገርከኝ?" አሉ። "ከገዙት በወሩ" አለ አባቴ። "ገና መግዛቴ ነው ብለውኝ ነበር።"

ከዚያ የማደያው ሰልፍ መጣ። አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ሁለት ሜትር ሄዶ መቆም፣ ሁለት ሜትር ሄዶ መቆም። አሁን እትዬ አጥፋው አላሉም። ተራችን ሲደርስ ራሳቸው ሊያዩ ፈለጉና አወረድኳቸው። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር። ስምንት ነጥብ ስድስት ሊትር። ደብተሬን ኮፈኑ ላይ አድርጌ አካፈልኩት። ኮፈኑ እስኪያቃጥል ሞቆ ነበር።

"አራት ነጥብ አራት።"

እትዬ ደብተሩን ተቀበሉኝ። ከዚያ አባቴን "አንተ ታዲያ በምን አምስት ታመጣው ነበር?" አሉት።

"እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምወጣው፣ እትዬ። ሰልፉም መንገዱም ሳይበዛ ግማሹን እጨርሳለሁ። ዛሬ እርስዎ ስለነበሩ ነው ሁለት ሰዓት የሆነው።"

ሱቅ ስንደርስ አባቴና እኔ ደግፈን አወረድናቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ትንሽ ቆሙ። ይቅርታ አላሉም። "ሞተሪኖውን ነገ አሠራው" አሉ፣ ለእህታቸው ልጅም "አንተ እዚሁ ሱቅ ትቆያለህ" አሉት። አባቴ ቁልፉን እንደታዘዘው የሱቁ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል እጁን ሲዘረጋ "ተወው፣ ይዘኸው ግባ" አሉት።

አባቴ ሰቀለው። "እዚሁ ይደር፣ እትዬ። ለምጄዋለሁ።"

እትዬ ቁልፉን አዩት፣ እሱን አዩት።

አመሻሽ ላይ በእግራችን ወደ ቤት ስንወጣ እርምጃው ከወትሮው የዘገየ ነበር።

"ለምን አልያዝከውም?"

"ደክሞኛል። ያ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሲሆን የሚከብድ አይመስልሽም።" ጥቂት ሄድን። "እሁድ ዕለት በፎሌ ስወርድ ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።"

ቆምኩ። "ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

እኔም እንዲያ ያደረግኩት እሱን ደስ እንዲለው ነበር። ልነግረው አፌ ላይ መጣና ሳልለው ቀረሁ። ያውቀዋል።

ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ለመሆኑ" አለኝ፣ "ሞተሪኖው ከተሠራ ስንት የሚያመጣ ይመስልሻል?"

ስድስት ልለው ነበር። ፊቱን አየሁትና ስድስት ልለው በጣም ፈለግኩ።

"አላውቅም፣ አባዬ" አልኩት። "በሥራ ቀን ነው መለካት ያለበት።"