ከቡዳፔስት የመጣው ፖስታ

ከቫን ናይስ ተነስቼ ፒኮ ሮበርትሰን እስክደርስ ፍሪዌዩ፣ ሰፊው የመኪና መንገድ፣ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። የሚጠብቁኝ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ የሃንጋሪ አዛውንት ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ምግባቸውን አበስላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ደግፌ አስወጣለሁ፣ ደግፌ አስገባለሁ። ሥራውን ያገኘሁት ቋንቋቸውን ስለምችል ነው። በደርግ ጊዜ ቡዳፔስት ተልኬ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያ ሁሉ ትምህርት በስተርጅና ለሾርባ ጠቀመኝ።

ከእሳቸው ቤት እስከ ፌርፋክስ፣ የአገራችን ሰዎች ሱቅ የሚበዛበት ሰፈር፣ በመኪና ቅርብ ነው። እዚያ ቅመም ቤት ያላት ሴት ቡዳፔስት ሳለን ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የኖረች ጓደኛዬ ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚሁ ከተማ ተገናኘን። ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬና ሽሮ እገዛታለሁ፣ እንሳሳማለን፣ ስለ ልጆች እናወራለን። አንድ ነገር ግን ነግሬያት አላውቅም። ከሱቋ ስወጣ ሁልጊዜ እንደ ሌባ የምቸኩለው ለዚህ ነው።

ለዚህ እንክብካቤ የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት ደብተር ሰጥቶኛል። አዛውንቱ ምን በሉ፣ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ማን መጣ፣ ምን ተናገሩ፣ ሁሉም ይጻፋል። እሳቸው ይህን ደብተር አይወዱትም። አንድ ቀን ከቆሻሻ መጣያው፣ ሌላ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ሥር አገኘሁት። ደሜ ፈላ፤ ሥራዬን ሊያሳጡኝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው አልተቆጡም። "እዚያ አገርም ልክ እንዲህ ነበር የሚጻፈው" አሉና ከአልጋቸው ሥር አንድ ወፍራም ፖስታ አወጡ።

በወጣትነታቸው ቡዳፔስት ውስጥ መሐንዲስ ነበሩ። ከአገር ለመውጣት ማሰባቸውን የሆነ ሰው ለጸጥታ ሰዎች አሳበቀ። ከሥራ ተባረሩ፣ ፓስፖርት ተከለከሉ፣ ከዓመታት በኋላ ሾልከው ወጡ። ሐሳቤን የነገርኩት ለወንድሜ ብቻ ነው ብለው ስለሚያምኑ ወንድማቸውን አርባ ዓመት አላናገሩም። ወንድምየው ግን ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ከቡዳፔስት ይደውላል። ስልኩ ይጮሃል፤ እሳቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። እኔም "ወንድም ደወለ፣ አላነሱም" ብዬ እጽፋለሁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሰው የጸጥታ ሰዎች ስለ እሱ የያዙትን ፋይል መጠየቅ ተፈቅዶ ነበር። እሳቸው ለማወቅ ሲፈሩ ኖረው አሁን ጠየቁ፤ ቅጂው በዚህ ፖስታ ሲመጣ ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል። አንቺ አንብቢልኝ አሉኝ።

እሺ አልኩ። ያ አገር ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የሶሻሊዝምን ኢኮኖሚ ያስተማሩን መምህር በሚቀጥለው መንፈቅ ያንኑ ቦርሳ ይዘው ገብተው ስለ አክሲዮን ማስተማር ጀመሩ፤ ፊታቸው እንኳ አልቀላም። ከማደሪያችን ፊት ለፊት ያለው ፋብሪካ ቀዩን ኮከብ ከበሩ ላይ አወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ በሩ ራሱ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ግን ጠዋት ጠዋት የምሳ ቦርሳቸውን ይዘው እየመጡ አጥሩ ሥር ይቆሙ ነበር። ሱቁ በሙዝና በውጭ ሳሙና ተሞላ፤ ሰዉ አይቶ አይቶ ይሄዳል።

ሃንጋሪዎቹ ጓድ መባባል ሲያፍሩ እኛ ገና ጓድ ነበርን። አገር ቤት ደርግ አልወደቀም። የተማሪዎች ኮሚቴያችን በየወሩ ያስገመግመን ነበር፤ አብረዋችሁ አንድ ክፍል ስለሚኖሩት ሪፖርት ጻፉ አለን። ጻፍኩ። ማንም አልደበደበኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፤ ጎበዝ ነሽ መባል አምሮኝ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር። የውጭ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ውይይት ላይ አትገኝም። አገሬ አልመለስም ብላለች። ጓደኛዬን፣ የዛሬዋን ባለሱቅ፣ ኮሚቴው ፊት አቆሟት፣ ስኮላርሺፗ ተቋረጠ፣ ባስቸኳይ ተመለሺ ተባለች። የምዕራቡ ድንበር ሽቦ በተቆረጠበት ሰሞን ወደ ቪየና ጠፋች። ቦርሳዋን እስከ ባቡር ጣቢያ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ፋይሉን ለማንበብ ሁለት ጠዋት ፈጀብን። የጠቋሚዎቹ ስም በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። ማክሰኞ ሁለት ዳቦ ገዛ ይላል። መስኮቱን ዘጋ። ወንድሙ መጣ፣ አትሂድ ብሎ ለመነው፣ ተጨቃጨቁ። እያነበብኩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሴን ደብተር አየሁት፤ ከዚህ የሚለየው በቋንቋ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ ቼዝ ስንጫወት ዛሬም አሸነፈኝ፤ በነሐሴ እወጣለሁ አለኝ።

ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

"ወንድሜ ቼዝ አይችልም" አሉ።

የጻፈው ከላይኛው ፎቅ ይኖር የነበረ ወዳጃቸው ነው፤ ሲሞት ከዚህ ድረስ አበባ የላኩለት። በጨዋታ መሃል ለእሱም መናገራቸውን ረስተውት ነበር። "ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት እሰድበው ነበር። ከዚያ ቼዛችንን እንጫወት ነበር" አሉ። "አሁን ማንን ልስደብ?"

ማክሰኞን አልጠበቁም። ደውይልኝ አሉኝ፤ ደወልኩ። አርባ ዓመት የተኳረፉ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ለእነሱ አይደለም።

ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ ሁለት ጊዜ ክፍት የመኪና ማቆሚያ አግኝቼ ፈርቼ አለፍኩት። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ስላልሆነ ጓደኛዬ ደንግጣ ምን ሆነሻል አለችኝ። መቀመጥ እንኳ አልቻልኩም፤ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር እንደ ጻፍኳቸው ነገርኳት። እሷ ሽሮ በላስቲክ እየሞላች ነበር፤ እጇ አላቆመም።

"የሬዲዮውን ማንም ሊነግራቸው ይችል ነበር" አለች። "አልመለስም ያልኩት ግን ላንቺ ብቻ ነው። ኮሚቴው ሲያነብልኝ ያኔውኑ አወቅሁ።"

ላስቲኩን አሰረችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ቦርሳዬን ተሸክመሽ ስትሄጂ፣ አሁን ትነግረኛለች፣ አሁን ትነግረኛለች እያልኩ ነበር። ሶ፣ ባቡሩ ተነሳ።"

ይቅርታ አልኳት። ኦኬ፣ ሰምቼሻለሁ አለችኝ። ዛሬ ግን ሂጂ፣ እኔ ኮል አደርግልሻለሁ አለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስልኳን ስጠብቅ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አዛውንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ስልኩ ገና አንዴ ሲጮህ ያነሳሉ። "ወንድም ደወለ፣ አነሱ" ብዬ ደብተሩ ላይ እጽፍና የራሴን ስልክ አያለሁ። ቀይ መብራት ላይ አያለሁ፣ ሾርባ እያማሰልኩ አያለሁ። ቤቴ ሽሮ ካለቀ ሰነበተ፤ ከሌላ ሱቅ ግን አልገዛም።