ከባሕር ዛፉ ሥር ያወጣናት ቆርቆሮ

የሱቄን መሳቢያ በሳብኩ ቁጥር አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ትንኳኳለች። ክዳኗን ስከፍተው የባሕር ዛፍና የእርጥብ አፈር ሽታ ዛሬም ይወጣል። ነጠላ ልትገዛ የመጣች ደንበኛ ሽታው ምን እንደሆነ ከጠየቀችኝ፣ የብል መድኃኒት ነው እላለሁ።

ቆርቆሮዋ እጄ በገባችበት ጊዜ ሽሮ ሜዳ፣ ሰው ሱቅ ተቀጥሬ ነበር የምሸጠው። የሸማኔው ልጅ የአባቷን ሥራ በፌስታል ይዛ ትመጣና በዋጋ እንከራከራለን። በልቤ እሷ እንድታሸንፍ እፈልጋለሁ፤ በአፌ ግን አልለቅም። አንድ ቀን ጋቢ የገዛች ፈረንጅ ያስተማረቻትን ጨዋታ ነገረችኝ። አንዱ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል።

"ታዲያ ትርፉ ምንድነው?" አልኳት።

"ማግኘቱ ነዋ።"

አልገባኝም። አሁንም ገብቶኛል ብዬ አልምልም። ግን አብሬያት ወጣሁ።

አጥር ለአጥር ስልክ ይዘን ስንዞር ፖሊስ አንድ ሁለቴ አባርሮናል። አንድ ቅዳሜ ግን ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ገብተን፣ ፀሐዩ በቅጠሎቹ መሃል እየተቆራረሰ ሲወርድ፣ ቆርቆሮዋን ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር አወጣናት። ከእኛ በፊት ማንም ስላላገኛት ወረቀቷ ባዶ ነበረች። የእሷንና የእኔን ስም ጎን ለጎን ጻፈች፤ ወረቀቷን ጠቅልላ መልሳ አፈር ስታለብሳት፣ ሁለት ፖሊሶች ከኋላችን ቆመዋል።

"ምን ቀበራችሁ?" አለ ወጣቱ።

ጨዋታውን አስረዳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አልሸጥ ያለኝ ዕቃ የለም። የደበቀውን ዕቃ ቦታ ለማያውቀው ሰው የሚናገር ማን አለ? አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በቃ፣ ጣቢያ እንሂድ አለ። ጣቢያ ማለት አባቷ ይጠራሉ ማለት ነው። አባቷ ከተጠሩ ደግሞ ሁለተኛ ሱቅ ድረስም አይልኳትም። ፊቷ አመድ መሰለ።

በዕድሜ የገፉት ፖሊስ ቆርቆሮዋን እንድከፍት አዘዙኝ። "ወደ እኔ እንዳታዞራት" አሉ። ከፍቼ ወረቀቷን ዘረጋሁላቸው። የተቀበረ ዕቃ፣ የተጠቀለለ ወረቀት፣ የወንድና የሴት ስም። ወደ ኋላ አፈገፈጉና አማተቡ።

"ይሄማ መስተፋቅር ነው" አሉ ለባልደረባቸው። ወደ እኛ ዞሩ። "ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ የቄስ ነው። ያስደረገው ማነው? እውነቱን ተናገሩና ሂዱ። አይ ካላችሁ ጣቢያ።"

አይደለም ብል ጣቢያ ነው። እኔ ነኝ ብል ደግሞ እሷ ትሰማለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ለዚህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"የኔ ልጅ፣ ጸበል ግቢ።"

ሊነኳት ስላልፈለጉ ቆርቆሮዋን እኔ ይዤ ከዚያ እንድጠፋ አዘዙኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ይንሸራተታል፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ቀድማኝ መውረድ ጀመረች። "እኔ ነኝ" ያለችው ለማምለጥ ብቻ ነበር ወይስ... ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ፣ የሰፈሯ መታጠፊያ ቀደመኝ። በሳምንቱ ሸማ ይዛ ስትመጣ፣ በጠራችው ዋጋ እሺ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

ከክረምቱ በኋላ ሰፈራቸው ለልማት ፈረሰ። ቤተሰቡ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጠው። ሸማቸውንም ሌላ ነጋዴ መረከብ ጀመረ።

ኢንተርኔቱ ቆርቆሮዋ አሁንም እዚያው ናት ይላል። አንዳንድ ቅዳሜ ስልካቸውን የዘረጉ ሰዎች በሱቄ በር አልፈው ዳገቱን ይወጣሉ። ልመልሳት አስቤ አውቃለሁ፤ መሳቢያውን ከፍቼ፣ አሽትቻት እዘጋዋለሁ። አመሻሹ ላይ ግራ ተጋብተው ባዶ እጃቸውን ሲወርዱ፣ እሷ ከመሃላቸው ትኖር እንደሆነ በሩ ላይ ቆሜ ፊታቸውን አንድ በአንድ አያለሁ።